ድምፃዊ በስንኝ ማብቂያ ይታወቃል፦ ስለምንወዳቸው ድምፆችና በቅርቡ ስላገኘናቸው

ባለካሴቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን የውይይት ክር የከፈትሁት ላለፉት ሦስት ሳምንታት አንድ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው። የድምፁ ባለቤት ገና አልበም ያላወጣች ወጣት ስትሆን፣ ያገኘኋትም በስልክ በተቀረጸ፣ አራት ደቂቃ በማይሞላ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮውን የለጠፈው ሌላ ሰው በመሆኑ፣ እሷም ራሷ በይፋ ያቀረበችው ሥራ ባለመኖሩ፣ ስሟን ሳልጠራ ስለ ድምፅዋ ብቻ እንድናገር ይፈቀድልኝ። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ክራሯን ጭኗ ላይ አስደግፋ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ የሆነውን ባቲን ትጫወታለች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ መዳፏን ጅማቶቹ ላይ አሳርፋ ክራሩን ዝም ታሰኘውና የስንኙን የመጨረሻ ቃል ያለ አንዳች አጃቢ ብቻዋን ታደርሰዋለች። ቃሉን አትጎትተውም፤ አታርገበግበውም፤ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጋ ታሳርፈዋለች። ትንፋሿ ሲያልቅ ይሰማል፤ አዲስ ትንፋሽ ስትስብም ይሰማል። ክራሩ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ይህችን ቅጽበት ስንት ጊዜ እየመለስሁ እንደሰማኋት ቁጥሩ ጠፍቶኛል።

እንዲህ የማዳመጥ ልማድ ያስያዘችኝ ብዙነሽ በቀለ ናት። በልጅነቴ እናቴ ሽፋኑ የጠፋ፣ ክሩ በተጠላለፈ ቁጥር በእስክሪብቶ እያጠነጠንን የምናስተካክለው አንድ ካሴት ነበራት። ብዙነሽ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር የተጫወተቻቸው ዜማዎች ነበሩበት። ከኋላዋ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ሙሉ ኃይላቸውን ይዘው ሲመጡ፣ እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ልትሻማቸው አትሞክርም፤ ይልቁንም የስንኙን መጨረሻ ጥቂት አዘግይታ፣ እነሱ ካለፉ በኋላ በባዶው ቦታ ላይ ታስቀምጠዋለች። እናቴ የያዘችውን ሥራ አቁማ ቀና የምትለው ልክ እዚያ ላይ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የምወዳቸውን ድምፃውያን ሁሉ የምለየው ስንኙን በሚጨርሱበት ቦታ ሆነ። ጥላሁን ገሠሠ የመጨረሻውን ቃል በሙሉ ደረቱ ይዞ ይወጣና ከላይ ያቆመዋል፤ ያን ያህል ከፍታ ላይ ሆኖም አንዲት ፊደል አይውጥም፤ ትርጉሙ ከዜማው ጋር እኩል ይደርሰናል። ማሕሙድ አሕመድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቃሉ ካለቀ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ግጥሙ ያቆመውን ሐሳብ በጉሮሮው እያንከባለለ፣ እየመለሰና እያሰማመረ ሌላ አንድ ስንኝ ያህል መንገድ ይሄድበታል። አስቴር አወቀ በቃሉ ጫፍ ላይ ድምፅዋን ሰንጠቅ ታደርገዋለች፤ በዚያች ስንጥቅ ውስጥ የሚሰማኝ ደስታ ይሁን ልቅሶ እስካሁን ለይቼው አላውቅም። ሦስቱም አንድ ዜማ ቢሰጣቸው እስከ ስንኙ አጋማሽ ድረስ ሊቀራረቡ ይችሉ ይሆናል፤ መጨረሻው ላይ ግን ማንም አይምታታባቸውም።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ዛሬ ኃይለኛ ድምፅ ያላቸው ወጣቶች ሞልተዋል። ብዙዎቹ ግን የስንኙን መጨረሻ ከታላላቆቹ በአንዱ መንገድ ይጨርሱታል፤ እኔም ዐይኔን ጨፍኜ ስሰማቸው ጥላሁንን ወይም አስቴርን አስታውሼ ወደ እነሱ እመለሳለሁ። ያቺ የክራር ተጫዋች ግን ማንንም አላስታወሰችኝም። እናንተ አዲስ ድምፅ ስትሰሙ በምን ታውቁታላችሁ? በቅርቡስ ማንን አገኛችሁ?

የቅኝት መምህር፦

ወንድሜ ባለካሴቱ፣ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ለረጅም ጊዜ ቅኝት ሳስተምር የኖርኩ በመሆኔ፣ ያቺ ወጣት ክራሩን ዝም ያሰኘችበትን ምክንያት ከሙያ አንጻር ላስረዳ። ክራሩ በአንድ ቅኝት ሲቃኝ አምስት ድምፆችን ይዞ ይቀመጣል፤ ድምፃዊው ግን በእነዚያ አምስት ድምፆች መካከል የሚንሸራተትበት ሰፊ ቦታ አለው። መሣሪያው እየተመታ ሳለ የአድማጩ ጆሮ ክራሩን ተደግፎ ይቆማል፤ የድምፃዊው ትንሽ መዛነፍም አይታወቅበትም። መሣሪያው ዝም ሲል ግን ሰውየው ቅኝቱን በውስጡ ይዞት እንደሆነና እንዳልሆነ ወዲያው ይለያል። ስለዚህ ያደረገችው ነገር ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይመስለኝም፤ በራሷ ላይ ያላትን እምነት የሚያሳይ ድፍረት ነው።

አዲስ ድምፅ በምን ይታወቃል ላሉት የእኔን ዘዴ ላካፍላችሁ። ተማሪ ሲመጣልኝ በመጀመሪያው ቀን ትዝታ አላዘፍነውም። ትዝታን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምረን ስለሰማነው፣ ተማሪው የሚያሳየኝ የማስታወስ ችሎታውን ነው። ከዚያ ይልቅ ከአራቱ ቅኝቶች አምባሰልንና አንቺሆዬን አከታትሎ እንዲያንጎራጉርልኝ እጠይቀዋለሁ። በኪቦርድ ስናየው ሁለቱም ከመነሻው ተነሥተው ግማሽ ድምፅ ብቻ ወደሚርቀው ሁለተኛ ድምፅ ይሄዳሉ፤ ሦስተኛውም አንድ ነው። የሚለያዩት ከዚያ ወዲያ ሲሆን፣ አንቺሆዬ አራተኛውን ድምፅ በግማሽ ዝቅ፣ አምስተኛውን በግማሽ ከፍ ያደርገዋል። መንገዱ እስከ ግማሽ አንድ ሆኖ ድንገት ስለሚለያይ፣ ጆሮው ያልበሰለ ልጅ እዚያ መገንጠያ ላይ ይንገዳገዳል።

ሌላም ነገር አለ። በኪቦርድ ብቻ ያደገ ልጅ ያችን ሁለተኛ ድምፅ ልክ ቁልፉ ባለበት ያስቀምጣታል። በማሲንቆ ወይም በእንጉርጉሮ ያደገ ልጅ ግን እንደ ስንኙ ስሜት ጥቂት ዝቅ ወይም ጥቂት ከፍ አድርጎ ያሰማታል። ይህን ከስህተት የሚቆጥሩ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። ባቲና አምባሰል በወሎ ምድር የሚገኙ የቦታ ስሞች ናቸው፤ ቅኝቶቹ በሰው ጉሮሮና በጅማት ላይ የኖሩት የፒያኖ ቁልፍ ከመምጣቱ በፊት ነው። የሰውን ጆሮ ለቁልፉ ማስገዛት ያለብን አይመስለኝም።

ነባር አድማጭ፦

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ስለ ጆሮ በጥሩ ሁኔታ ጽፋችኋል። እኔ ደግሞ ስለ በር ልናገር፤ ድምፅ ቢኖርም የሚከፈት በር ከሌለ ማንም አይሰማውምና።

ማሕሙድ አሕመድን እንውሰድ። ሊስትሮ ሆኖ የሠራ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሪዞና በሚባል የምሽት ክበብ ልዩ ልዩ ጥቃቅን ሥራዎችን ሲሠራ የነበረ ልጅ ነው። እዚያ ይጫወቱ ከነበሩት የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ጋር የሚዘፍኑት ሳይመጡ በቀሩበት አንድ ምሽት እንዲዘፍን ጠይቆ መድረክ ላይ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የማስበው ስለ ማሕሙድ ብቻ አይደለም። «እስቲ ይሞክር» ብለው ስለፈቀዱለት ሙዚቀኞችም አስባለሁ። ዘፋኞቹ በሰዓታቸው ቢገኙ ኖሮ፣ ወይም ከሙዚቀኞቹ አንዱ «ይህ ደግሞ ማን ነው» ብሎ ቢከለክል ኖሮ፣ ያ ድምፅ ስንት ዓመት ዘግይቶ ይደርሰን ነበር?

ዐምሃ እሸቴም እንዲሁ በር የከፈተ ሰው ነው። የሙዚቃ ሸክላ የማሳተም መብት በሀገር ፍቅር ቴአትር እጅ ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመና መጀመሪያ ያስቀረጸው ዓለማየሁ እሸቴን ሆነ። ዓለማየሁ በዚያን ጊዜ ፀጉሩን ወደ ላይ አቁሞ፣ እየጮኸና እየዘለለ የሚዘፍን ወጣት በመሆኑ በትልልቆቹ ዘንድ ሁሉ አልተወደደም ነበር። ዐምሃ እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ መቶ ያህል ሸክላዎችን አሳተመ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንኮራበት ዘመን ከዚያ ውስጥ ብዙውን ያገኘው አንድ ወጣት ነጋዴ ጆሮውን አምኖ ገንዘቡን ስላወጣ ነው። ዓለማየሁ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ ከዘፈኖቹ ጋር ያሳለፍናቸውን ዓመታት እያሰብሁ ሌሊቱን በሙሉ ሸክላዎቹን ሳዳምጥ አደርሁ።

ስለዚህ ባለካሴቱ፣ ስለዚያች ልጅ መጻፍህ ራሱ በር መክፈት ነው። እሷ ስትፈቅድ ስሟንም ንገረን።

ዘመነኛ ጆሮ፦

ጋሼ ነባር አድማጭ፣ ምስክርነትዎን እንደ ትምህርት ነው ያነበብኩት። ነገር ግን በዚህ ክር እስካሁን የተጠሩት ድምፆች አብዛኞቹ ከኦርኬስትራ ፊት ቆመው የዘፈኑ ሰዎች መሆናቸውን ልብ ብያለሁ። የኦርኬስትራ ዘፋኝ አሥራ አምስት መሣሪያ ከኋላው እየጮኸ ድምፁን እስከ አዳራሹ ዳር ማድረስ ነበረበት፤ ደረቱ የሰፋውም ለዚህ ነው። ከእኔ ትውልድ የምወዳቸው ድምፃውያን ግን የሚዘፍኑት ማይኩን ከንፈራቸው ሥር አድርገው፣ ለአንድ ሰው እንደሚነግሩ ሆነው ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ብንመዝናቸው የኋለኞቹን እንበድላቸዋለን።

ዘሪቱ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2005 የመጀመሪያ አልበሟን ስታወጣ እኔ ተማሪ ነበርኩ። በጊዜው «ድምፅ የላትም» ሲሉ የሰማኋቸው ሰዎች ነበሩ። እነዚያ ሰዎች የጥላሁንን ደረት ይፈልጉባት ነበር። እኔን የማረከኝ ግን የስንኙን መጨረሻ እንደ ንግግር መተዋ ነው፤ ዜማው ያልቅና የቃሉ ጭራ እንደ ተራ ወሬ ይቀራል፤ ሐሳቡም ከእኛ ጋር ይቀጥላል። ኢዮብ መኮንንም እንዲሁ ነበር። በሬጌ ምት ላይ ተደላድሎ፣ ድምፁን ሳያስጨንቅ፣ ቃሉን ከምቱ ጥቂት ኋላ እያስቀረ ይዘፍናል። በ2005 ዓ.ም. ያለ ዕድሜው ሲለየን ገና ብዙ የሚሰጠን ነገር ነበረው፤ አሁንም ድምፁን ስሰማ አንጀቴ ይላወሳል።

ከዚያ ወዲህ ካገኘኋቸው ሮፍናንን መጥቀስ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ነጸብራቅ» የተሰኘው አልበሙ ሲወጣ የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ነው ብለው ሳይሰሙት የተዉት ዘመዶች አሉኝ። ሲዘፍን ግን የስንኙን መጨረሻ ቆርጦ፣ የቆረጠውን ድምፅ መልሶ እንደ ከበሮ ምት ይጠቀምበታል። እርስዎ ባለካሴቱ እንዳሉት «ማብቂያው» የድምፃዊው ማንነት ከሆነ፣ እሱ ማብቂያውን መሣሪያ አድርጎታል። በዚያው ዓመት «ወገግታ»ን ያወጣችው ቤቲ ጂም ከጃዝና ከሶል የቀሰመችውን ለስላሳነት ከኛው ቅላጼ ጋር ስታዋህድ፣ የተሰፋበት ቦታ እስከማይታይ ድረስ ነው።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ፤ የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌር በስንኝ ማብቂያ ላይ ጉዳት አድርሷል። ሶፍትዌሩ የሚያስተካክለው ልክ የቅኝት መምህሩ ያሉትን ያችን ጥቂት ዝቅ፣ ጥቂት ከፍ ማለት ነው። ውብ የሆነውን ነገር እንደ ጉድለት ቆጥሮ ይለስነዋል።

ማሲንቆ ወዳጅ፦

በአዝማሪ ቤት ያደግሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ስለ መምሰል የተነገረው ነገር ጥቂት ከብዶኛል። በእኛ ዘንድ መምሰል ነውር አይደለም፤ ትምህርት ቤት ነው። ልጅ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጎን ተቀምጦ ቅላጼውን፣ አቀማመጡን፣ የማሲንቆውን አሳሳብ ሳይቀር ይቀዳል። ማሲንቆ በፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ጅማት ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፤ ስለዚህ ልጁ ድምፁን የሚያገኘው አባቱን በመስማት ብቻ ነው። ያን ሳይቀዳ የራሱን ሊፈጥር የሚነሣ ሰው ምንም ሳይይዝ ነው የሚነሣው።

የራሱ የሆነው ነገር የሚወጣው በሌላ መንገድ ነው። አድማጭ ከመቀመጫው ሆኖ «ተቀበል!» ይለዋል፤ ከዚያም ግጥም ያቀብለዋል። አዝማሪው ያንን ስንኝ ከዚያች ቅጽበት በፊት ሰምቶት አያውቅም። ተቀብሎ፣ ከቅኝቱ ጋር አስማምቶ፣ ሰምና ወርቁ እንዳይጠፋ ቃሉን በትክክለኛው ቦታ ሰብሮ መልሶ ማሰማት አለበት። ወርቁ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በስንኙ መጨረሻ በመሆኑ፣ አዝማሪው እዚያ ጋ ቢቸኩል ቤቱ ዝም ይላል፤ ጊዜ ሰጥቶ ካሳረፈው ቤቱ በሳቅ ወይም በእልልታ ይናወጣል። እንግዲህ ባለካሴቱ ያሉት የስንኝ ማብቂያ ነገር እኛ ጋ የዕለት እንጀራ ነው።

በቅርብ ዓመታት ከሰማኋቸው ሰላምነሽ ዘመነን ላስታውስ። ባዱሜስ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር ስትሠራ፣ ጊታርና ኦርጋን ከኋላዋ ሆነው እንኳ ቅላጼዋ የአዝማሪ ቤት ቅላጼ እንደሆነ ይቀራል። አስደነቀኝ።

ተወዳዳሪ የነበረች፦

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ የመምሰል ነገር ሲነሣ ግን መጻፍ እንዳለብኝ ተሰማኝ። ከዓመታት በፊት በአንድ የድምፅ ውድድር ላይ ተሳትፌ እስከ መጨረሻዎቹ ዙሮች ደርሼ ነበር። በመጀመሪያው ዙር የአስቴርን ዜማ ዘፈንኩ፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበልኝ። በሁለተኛው ዙር ሌላ ዘፋኝ ልሞክር ስል፣ ከዳኞቹ አንዱ «ለአንቺ የሚያዋጣሽ አስቴር ናት» አለኝ፤ እኔም አመንኩት።

ከዚያ በኋላ ለአራት ወራት ያህል በየቀኑ ያችን የምታውቋትን ስንጥቅ ለማምጣት ተለማመድኩ። ያን ድምፅ ሳይታደሉት ማምጣት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ጉሮሮን ታጠብቃላችሁ፤ ትንፋሹን ከታች ገፍታችሁ ከላይ ታግዱታላችሁ፤ ድምፁ በዚያ መካከል ተጨንቆ ይሰነጠቃል። ለአስቴር ተፈጥሮዋ ነው፤ ስትዘፍን ፊቷ ላይ ጭንቀት አይታይም። እኔ ግን ጠዋት ስነሣ ድምፄ ሻክሮ፣ ከቤተሰቦቼ ጋር መነጋገር ያቅተኝ ጀመር። ከውድድሩ ስወጣ ያዘንኩት ስላላሸነፍኩ አልነበረም፤ አንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ ላንጎራጉር ስል የራሴ ድምፅ የት እንደነበር ስለጠፋብኝ ነው።

ወንድሜ ማሲንቆ ወዳጅ፣ በመምሰል መማር እንዳለ አልክድም። ነገር ግን በእናንተ ቤት ልጁ ከቀዳ በኋላ «ተቀበል» የሚለው ሰው አለ፤ አዲስ ግጥም እየሰጠ የራሱን እንዲያወጣ ያስገድደዋል። እኔ በነበርኩበት መድረክ ግን ሁልጊዜ የታወቀ ዜማ፣ የታወቀ ግጥም፣ የታወቀ ማብቂያ ነበር የሚጠየቀው። ማንም አዲስ ስንኝ አላቀበለኝም። ከዚያ ወጥቶ የራሱን መንገድ የሚያገኝ አለ፤ ዳዊት ጽጌ ከውድድር መድረክ መጥቶ «የኔ ዜማ» ያለውን አልበም ሲያወጣ ርእሱን ባነበብኩ ጊዜ እንባዬ መጣ። ዜማዎቹን ስሰማም በእውነት የራሱ ሆነው አገኘኋቸው።

ባለካሴቱ፦

እህቴ፣ ይህን ሁሉ ስላካፈሉን ከልብ አመሰግናለሁ። «አዲስ ስንኝ አላቀበለኝም» ያሉት የእኔንም አባባል አስተካከለልኝ። እኔ ወጣቶቹን ለምን ትመስላላችሁ እያልሁ ስወቅስ ነበር፤ ለካ አዲስ ግጥምና ዜማ የሚሰጣቸው ሰው መጥፋቱን መጠየቅ ነበረብኝ። ጥላሁንና ብዙነሽ ከኋላቸው የግጥምና የዜማ ደራሲዎች ነበሯቸው፤ አቀናባሪም ነበራቸው። የስንኙ ማብቂያ የእነሱ ቢሆንም ስንኙን ያቀበላቸው ሌላ ሰው ነው።

ዘመነኛ ጆሮ ስለ ማይክ ያሉትንም አሰብሁበት። በዚያው ምሽት አንድ ነገር አገኘሁ፤ ለእኔ አዲስ ግኝት የሆነችው ግን ከሁላችንም በፊት የነበረች ሴት ናት። አስናቀች ወርቁን በስም አውቃታለሁ፤ ተዋናይት መሆኗንም አውቃለሁ፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ ዜናውን ሰምቻለሁ። ነገር ግን የቆዩ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎች የተሰባሰቡበት የኢትዮፒክስ የአልበም ተከታታይ 16ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የእሷ የክራር ሥራዎች መሆኑን አላውቅም ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከኦርኬስትራ ፊት አልቆመችም፤ ድምፅዋን ለመግፋት አትሞክርም። አንዳንዱን ስንኝ ከዘፈን ወደ ንግግር ታወርደዋለች፤ አንዳንዱን ሳቅ በመሰለ ትንፋሽ ትዘጋዋለች፤ ከዚያ ክራሩ የቀረውን ይናገርላታል። ዘመነኛ ጆሮ በዘሪቱ ላይ ያስተዋሉትን «እንደ ወሬ መተው» እኔ አስናቀች ላይ አገኘሁት። ያ መንገድ የማይክ ዘመን ያመጣው ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያሳየናል ብዬ አምናለሁ፤ ክራር በእጁ ያለ ሰው ቀድሞውንም ጩኸት አያስፈልገውም ነበር።

የምሥራቅ ጆሮ፦

ውይይቱ እጅግ መሳጭ ነው፤ አንድ ጥያቄ ግን ላንሣ። ሁላችሁም የተናገራችሁት ቃሉን በምትረዱበት ቋንቋ ስለተዘፈነ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው የስንኝ ማብቂያን እንዴት ይሰማል?

ይህን የምጠይቀው በዓሊ ቢራ ምክንያት ነው። እሱ ከኦሮምኛ ሌላ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛና በአማርኛ ዘፍኗል። አፍራን ቀሎ ከተባለው የሙዚቃ ቡድን ጋር ሥራውን ከጀመረበት ከወጣትነቱ አንሥቶ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እስካረፈበት ድረስ ያን ሁሉ ቋንቋ በአንድ ድምፅ ተሸክሟል። እኔ ከእነዚህ ሁለቱን ብቻ እሰማለሁ። ነገር ግን በሐረሪ ሲዘፍን እንኳ ስንኙ የት እንዳለቀ፣ የናፈቀው የት ላይ እንደሆነ፣ ያሾፈውም የት ላይ እንደሆነ ይታወቀኛል። ዑድ የተባለውን ባለ ጅማት መሣሪያውን በስንኞቹ መካከል ጣል የሚያደርግበት መንገድም ይረዳኛል። በአንዱ ቋንቋ ቃሉን ይስበዋል፤ በሌላው አጭር አድርጎ ይተወዋል፤ የየቋንቋው የአነጋገር ልማድ በዜማው ላይ ይታያል። ስለዚህ የባለካሴቱን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ግን ማብቂያውን የምንሰማው ከትርጉም በፊት ይመስለኛል። መጀመሪያ ትንፋሹ ይደርሰናል፤ ትርጉሙ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

የቅኝት መምህር፦

የምሥራቅ ጆሮ ያሉት ትክክል ነው። ተማሪዎቼን ቃል በሌለው «ላ ላ» ሳዘፍናቸው እንኳ ከመካከላቸው አንዳንዱ ስንኝ የጨረሰ ያህል ያሳርፈዋል፤ ሌላው ደግሞ ትንፋሹ ስላለቀ ብቻ ያቆማል። ሁለቱን ለመለየት ግጥም አያስፈልገኝም። ባለካሴቱ፣ ያቺ ልጅ ሌላ ቅኝት ስትጫወት የሚያሳይ ነገር ካገኙ እባክዎ ይንገሩን፤ አምባሰል ቢሆን ደስ ይለኛል።

ባለካሴቱ፦

መምህር፣ ምኞትዎ ደርሷል። ትናንት ማታ ሁለተኛ ቪዲዮ አገኘሁ፤ ይህኛውን የለጠፈችው ራሷ ናት፤ የምትጫወተውም አምባሰል ነው። ክራሯን ያው ጭኗ ላይ አድርጋ ጀመረች። ያችን ሁለተኛ ድምፅ ከክራሩ ጥቂት ዝቅ አድርጋ ስትነካት ጅማቱና ጉሮሮዋ ለአንድ አፍታ አልተገናኙም፤ በዚያ አለመገናኘት ውስጥ አንድ ኀዘን አለ፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ጅማቱ ወጣችና ተገናኙ። በሦስተኛው ስንኝ መዳፏን እንደገና አሳረፈች። ክፍሉ ጸጥ አለ። የመጨረሻውን ቃል ጨርሳ ትንፋሽ ስትስብ፣ ከካሜራው ኋላ ያለው ሰው አብሯት ትንፋሽ ሲስብ በግልጽ ይሰማል።